ዛሬ ብቻ እለፋቸው

ወንድሜ እንዳለው ሰሌዳ በሌለው ሞተር ከብልባላ ላሊበላ ሰው ያመላልስ ነበር። የፖሊስ ኬላው ጋ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን መንገድ ዳር የምትኖር ጥሩነሽ የምትባል ሴት ግቢ ያስገባና የቀረውን በእግሩ ይወርዳል። ሰሌዳ የሌለው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ፖሊሶቹም ያውቃሉ።

ያን ዕለት ላሊበላ ለቅጥር ምዝገባ ተሰልፌ «ዋናውን የዲግሪ ወረቀት ካላመጣሽ አንመዘግብሽም» ተባልኩ። ምዝገባው አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ወረቀቱ ያለው ብልባላ፣ እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ለእንዳለው ደወልኩ፤ ደግሜም ደወልኩ።

«ይዤልሽ ወጥቻለሁ፣ አንቺ ችኩል። ከጥሩነሽ ቤት በእግሬ እወርዳለሁ።»

«በእግርህ ስትንቀራፈፍ ይዘጋብኛል። ዛሬ ብቻ እለፋቸው።»

«ሥራ ስትይዢ ሰሌዳውን አንቺ ታወጫለሽ» ብሎ ሳቀ።

አስር ሰዓት ከሩብ ላይ በእሱ ስልክ ተደወለልኝ። ድምፁ የእሱ አይደለም።

«ፖሊስ ነኝ። ምኑ ነሽ?»

«እህቱ።»

«አጠገብሽ ትልቅ ሰው አለ?»

መርዶ ለዘመድ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። እኔን ግን ያናደደኝ ጊዜዬን ማባከኑ ነበር። «ለእኔ ንገረኝ» አልኩት። «ትልቅ ሰው ስጪኝ» አለ። ለመሬት ጉዳይ በሚቀጥለው መስኮት ለተሰለፉት መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ስልኩን ሰጠኋቸው።

«እህ» አሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና «እህ»። ከዚያ ከሰልፉ ወጡ።

«ነይ ልጄ፣ ትንሽ ወድቆ ነው።»

ከጠዋት ጀምረው የጠበቁትን ተራ ነው ጥለው የወጡት። ያኔ ገባኝ።

ከቀብሩ በኋላ የደወለልኝ ፖሊስ ደሳለ ለቅሶ ቤት መጣ።

«እማማ፣ አስር ሰዓት ላይ ኬላውን ጥሶ አለፈን። በመኪና ተከተልነው። መታጠፊያው ላይ ጠጠር አንሸራቶት ገደል ገባ። እኛ አልነካነውም።»

«ልጄ ኬላ ጥሶ አያውቅም» አለች እናቴ።

አጎቴ ደባሱ ዱላውን ይዞ ተነሳ። ሌሎቹ ወንዶችም ተነሱ።

«እለፋቸው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ ብቻ መሬቱን እያየች ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰዓት ነበር የሚዘጋው?»

«አስራ አንድ።»

«ከጥሩነሽ ቤት እዚያ ድረስ በእግር ስንት ነው?»

«ግማሽ ሰዓት።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ፖሊሱን «ተቀመጥ፣ ልጄ» አለችው።

ወደ እኔ አልዞረችም።