የአባባ ፈረቃ

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከባሕር ማዶ ተምራ ስትመለስ መጀመሪያ የሻረችው የድሮውን አለቃ ሕግ ነበር። በእሱ ዘመን ልጁ የታመመበት ሰው እንኳ ፈቃድ የሚጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሷ ግን «ቤቱ የፈለገው ሰው ይሂድ፤ ጎዶሎውን እኔ እሞላለሁ» አለች። በተማረችበት አገር «አለቃ ማለት አገልጋይ ነው» ሲሏት አምናለች፤ የማን አገልጋይ እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ሰው ሲቀር ጃኬቷን አውልቃ የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች። ሠራተኞቹም ወደዷት።

አባቷ አልጋ ላይ ሲወድቁ ጨርቅ ቆራጩ ሠራተኞቹን ሁሉ ወክሎ ቢሮዋ ገባ።

«አለቅዬ፣ አንቺ ለእኛ ስትዪ ከዚህ ንቅንቅ አትዪም። በተራ እንጠብቃቸዋለን። አባትሽ አባታችን አይደሉ?»

እንባዋ መጣ። ከዚያ እንደ ልማዷ ፈረቃ አወጣች፤ ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ፣ ከሰዓት ቆራጩ፣ ማታ ታናሽ እህቷ። ለራሷ ስትደርስ ያልተያዘ ሰዓት አጣች።

«አንቺስ መቼ ነሽ?» አለቻት እህቷ።

«እኔ ሰው ሲቀር እገባለሁ።»

«እንግዲያው ሰው እንዲቀርልሽ ጸልዪ! የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ። ሐኪሙ የመርሳት ሕመማቸው ይብሳል ብሏል እኮ፤ ሰው መለየት ሳያቅታቸው ነይ።»

ማንም አልቀረም። ውለታ ያለበት ሰው እንዴት ይቀራል? የታዘዘው ልብስ የሚጫንበት ቀን ተቃርቦ ስለነበር እሷ በአስታማሚዎቹ ቦታ ትሠራለች። ወሬውን ያመጡላታል። «ዛሬ ሾርባ ጠጡ»፣ «ዛሬ በሣቅ ሊገድሉን ነበር»።

አንድ ቀን ቁልፍ ተካይዋ ከአባቷ ዘንድ እየሣቀች ተመለሰች። «አባባ ለካ በወጣትነታቸው ዋናተኛ ኖረዋል! ወንዝ አቋርጠው ነው አሉ እናትሽን ያጯት።»

ሥራ አስኪያጇ ይህን ሰምታ አታውቅም። በእጇ የያዘችው ሸሚዝ የቁልፍ ተካይዋ ሥራ ነበር። ሴትየዋ አባቷ ዘንድ ልጅ ሆና ስትውል፣ እሷ እዚህ የሰው ቁልፍ ስትተክል ኖራለች። ሸሚዙን ጥላ ወጣች።

አባቷ ቤት ስትደርስ ቆራጩ ጢማቸውን እየላጨ ነበር። አይቷት ምላጩን አቀበላት። አገጫቸውን በቀስታ ደገፍ አደረገች።

«እጅሽ አዲስ ነው» አሉ አባቷ፣ ፊቷን ትክ ብለው እያዩ። «አንቺ ደግሞ በማን ተራ መጣሽ፣ የኔ እናት?»

«እኔ ነኝ አባባ። ልጅህ ነኝ።»

«ተይ እንጂ!» ፈገግ አሉ። «የኔ ልጅ ሥራ ላይ ናት። ትልቅ ሰው ናት እኮ። በእኔ ነገር እንዳታስቸግሯት አደራ።»

ቆራጩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷ «እሺ» አለችና የቀረውን ጉንጫቸውን መላጨት ጀመረች።