የምስጋናው ገጽ

ጠራዡ በሃያ ዓመት ሥራው ገጽ ጠፍቶበት አያውቅም። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ወዳለችው ሱቁ የሚጎርፉትም ለዚሁ ነው። ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ይሰፋል፣ ቆጥሮ ያስረክባል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ጠንቃቃ ሰው ነው በገዛ ሚስቱ ጽሑፍ ላይ ጉድ የሠራው።

ሚስቱ ዘመናዊ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ልማር ያለች ዕለት ስቆ ነበር። ሳቁ ዓመት አልቆየም። አስተማሪዋ ቀይ ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ጠራዡ ገና ሲያየው ዓይኑ ጠላውና ባለ ሻርፑ ብሎ ስም አወጣለት። ባለ ሻርፑ ልቦለድ ያውሳታል። እሷ ድስት እያማሰለች ታነብና ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ጠራዡ ያቺን ፈገግታ ባየ ቁጥር ያ ቀይ ሻርፕ ይታየዋል። ከትምህርት ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ "ከማን ጋር ነበርሽ?" ይላታል። አራት ዓመት ሙሉ ይህቺኑ ጥያቄ።

ጽሑፏን ስትጨርስ አምስት ቅጂ አሳትማ ሱቁ ድረስ አመጣችለት። "ሌላ ቤት አልወስደውም፣ አንተው ጠርዝልኝ" አለችው። ደስ አለው፤ ደስታውን ግን ዋጥ አደረጋት። ጽሑፉ በጀርመንኛ ስለሆነ ለእሱ ያው ጭረት ነው። ሊያነባቸው የሚችላቸው በአማርኛ የተጻፉት የምስጋናው ገጽና ሁለት ገጽ የማትሞላው አጭር መግለጫ ብቻ ነበሩ።

በቀጥታ ወደ ምስጋናው ሄደ፤ ራሱን ፍለጋ። አንደኛ ባለ ሻርፑ፣ አምስት መስመር ሙሉ! ቀጥሎ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ። ከዚያ የገዛ ታላቅ እህቱ፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ወረቀት የምታጥፍለት፦ "ጀርመንኛ ሳታውቅ ታሪኮቹን ሁሉ ቁጭ ብላ ያዳመጠችኝን የባለቤቴን እህት አመሰግናለሁ።" ባለቤቴ የሚለው ቃል የገባው እህቱን ለማስተዋወቅ ነው። እሱ የለም። ገጹን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ባዶ ነው።

"እትዬ፣ አንቺም ጀርመን ገብተሽ ኖሯል?" አላት።

"ምን ላድርግ፣ ስታወራልኝ እሰማታለሁ። አንዱ ታሪክ ላይማ አልቅሻለሁ" አለች እህቱ፣ እጇ ከማጠፉ ሳይቦዝን። "ለአንተ አልነገረችህም?"

እህቱ ለምሳ ስትወጣ ጠብቆ ከአምስቱም ቅጂ ያቺን ገጽ መዘዘና መሳቢያ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ሰፋ፣ ሙጫ ቀባ፣ መጭመቂያ ውስጥ አሳደረ፣ በማግስቱ ጥቁሩ ሽፋን ላይ ስሟን በወርቅማ ፊደል አተመ። ያን ያህል ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ባለ ሻርፑ ገልጦ ስሙን ሲያጣ የሚያሳየውን ፊት እያሰበ ሲያፏጭ ዋለ።

ጽሑፉ ገቢ የሚደረግበት የመጨረሻው ቀን ደረሰ፤ ቢሮው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ አምስቱንም ታቅፋ ተመለሰች።

"መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ከማውጫው ጋር አስተያየችው። ገጽ ሦስት የለም ብላ መለሰችኝ።"

"ማተሚያ ቤት ይሆናላ የጠፋው።"

"ከአምስቱም?"

የሙጫውን ብሩሽ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

"አንተ ገጽ ጠፍቶብህ አያውቅም" አለችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

መሳቢያውን ሳበና አምስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጥፋቱ እጁ ላይ እያለ እንኳ ቅናቱ አላስችል አለው። "እኔስ?" አለ። "ለዚያ ሻርፓም አምስት መስመር! እትዬ እንኳ አለችበት! እኔ ምንሽ ነኝ?"

"ስምህን ልጽፍ ስንቴ ቁጭ አልኩ መሰለህ" አለች። "ስለምን ብዬ እንደማመሰግንህ አጣሁ። ከማን ጋር ነበርሽ ስትለኝ አራት ዓመት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ምን አነበብሽ ብለኸኝ ታውቃለህ? ይኸው ሦስት ቀን እጅህ ላይ ነበር። አጭር መግለጫውን አየኸው?"

አላየውም። እህቱ ከወረቀቷ ቀና አላለችም።

ስፌቱን ለመፍታት ጊዜ አልነበረም። የእያንዳንዱን ገጽ ጠርዝ ክር በምታህል ሙጫ እየቀባ በየቦታው ለጠፈው። ከአሥር ሰዓት በፊት ጨረሰ፤ ሚስቱ አራቱን ይዛ ሮጠች፣ አምስተኛው የቤት ነው። ኋላ የተለጠፈ ገጽ እንደተሰፋው እንደማይተኛ፣ ሽፋኑ በተገለጠ ቁጥር ብድግ እንደሚል ጠራዡ ከማንም በላይ ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ለመውጣት ስትዘጋጅ አምስተኛውን ቅጂ አነሳ። ሽፋኑን ሲገልጥ ባለ ሻርፑ ከነአምስት መስመሩ ብቅ አለ። አለፈው። አጭር መግለጫውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ባቡር ጣቢያ ቲኬት ስለምትሸጥ አንዲት የልቦለድ ሴት ይናገራል፤ አንድ ቀን መስኮቷን ዘግታ ራሷ ባቡሩ ላይ ትሳፈራለች። ከዚያ በኋላ ያለው ስለ ልቦለዱ አጻጻፍ ነው፣ አልገባውም።

"ይቺ ሴትዮ" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "መጨረሻ ላይ የት ወረደች?"

ሚስቱ የጫማዋን ክር አስራ ጨረሰች።

"ለእትዬ ነግሬያታለሁ። እሷን ጠይቃት።"

ቦርሳዋን አንግታ በሩን ከፈተች። ከማን ጋር እንደምትሄድ ሊጠይቃት አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።