የሥራ አስኪያጁ ሰላምታ

«መጣ! ተነሺ እንጂ» አክስቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ልጅቷ ከፍራሹ አልተነሣችም። በመስኮቱ አሻግራ ስታይ የልብስ ፋብሪካው ሰርቪስ አጥሩ ሥር ቆሟል፤ ከኋላው ነጩ መኪና። ሥራ አስኪያጁ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ከሰርቪሱ የሚወርዱትን የስፌት አዳራሽ ሴቶች እየተቀበለ ወደ ግቢው ይመራል። ሐዘንተኛው እሱ፣ ቤቱም የሱ ይመስላል።

«ምን ዓይነት ሰው ነው!» አለች አክስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሥራ ሰዓት ይህን ሁሉ ሰው ይዞ! የኔ አለቃ ብሞት መሞቴንም አይሰማም።»

«እንዲያዩ ነው ያመጣቸው።»

«ምኑን?»

«ሲያቅፈኝ።»

አክስቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ትኩሳት የያዛት መስሏት ነው።

አክስት ፋብሪካውን አታውቀውም። የምታውቀው እህቷን የጭነት መኪና ገጭቶ እንደገደላት፣ አለቃዋ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ከቤቱ እንዳልጠፋ ነው። ልጅቷ ግን እዚያው ፋብሪካ ልብስ መተኮሻ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። እናቷ በአዳራሹ ሴቶች ዘንድ የአለቃው ጆሮ ተብላ እንደሞተች ታውቃለች። ዛሬ በነዚሁ ሴቶች ፊት እቅፉ ውስጥ ከገባች ጆሮነቱን ወረሰች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሠራተኛ ማኅበር የሚያነሣላት ቀርቶ ስለ አየሩ የሚያወራት አይኖርም።

እናቷ ስብሰባ የምትጠራ፣ ጠረጴዛ የምትደበድብ ሴት አልነበረችም። ዘዴዋ አንድ ነበር፤ ምሳ በበላች ቁጥር ቦታ ትቀይራለች። ዛሬ ቁልፍ ከሚተክሉት ጋር፣ ነገ ኪስ ከሚሰፉት ጋር ትቀመጥና «አንቺን ምን አንገበገበሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ አፏን ይዛ ትሰማለች። ሁሉም ዞረው ዞረው የሚሉት ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነበር። ቁልፉ ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ነው፤ መሄድ የፈለገች እጇን አውጥታ ፊቱ እስኪፈታ ትጠብቃለች።

«መብታችን ነው ብላችሁ እንዳትጮኹ» አለቻቸው። «ለምኑት። ብቻ ሁላችሁም ባንዴ ለምኑት።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ፤ አዳራሹ ሙሉ እጅ ወጣ። ፎርማኑ ተማሪው ሁሉ መልሱን ያወቀበት መምህር መሰለ። ማንን ይቆጣ? በትሕትና ነው የጠየቁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፎ አያውቅም። ማኅበር የሚለው ቃል የተነሣውም ያኔ ነው።

የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ቢሆን ያባርራት ነበር። እሱ ግን አንዷን አባሮ አዳራሹ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሲያቆምበት በቦታው ይህኛው መጣ። ይህኛው አላባረራትም። ወደዳት።

ጠዋት ጠዋት አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ሌላውን ሁሉ አልፎ እሷን ብቻ በሁለት እጁ ይጨብጣል። «እናቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላታል፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ያስጠራታል። የቢሮው ግድግዳ መስታወት ነው። ሴቶቹ ከመኪናቸው ቀና ሲሉ እሷ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ያያሉ።

«አትመልሺለት!» ትላት ነበር ልጅቷ ማታ ቤት ሲገቡ።

«ሰላምታ የእግዜር ነው። እንዴት ይነሳል?»

«እሺ ቢሮስ? እዚያ ምንድን ነው የምትጫወቱት?»

«ምንም። ሻይ ያስመጣልኛል፤ እሱ ስልክ ያወራል። ስጨርስ በር ድረስ ይሸኘኛል። ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው።»

ይህን እየሳቀች ነበር የምትናገረው። ማኅበሩን ለማቋቋም ቃል የገቡ ሁለት ሴቶች ከሥራ ሲባረሩ ግን ሳቋ ቆመ። ማን እንደነገረባቸው የሚያውቅ አልነበረም። የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ መስታወቱ ዞረ።

አሁን ሴቶቹ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አክስት ሻይ ታዞራለች። ከመስኮቱ ሥር መቀስ ተቀምጣለች፤ ቆራጭ ክፍል ስለምትሠራም ምላሷም ስለሚቆርጥ እንዲህ ይሏታል። የልጅቷ እናት የልብ ጓደኛ ነበረች። እናትየዋ ስትመጣ ወሬዋን ማቋረጥ የጀመረችው ግን ከሁሉ ቀድማ እሷ ናት። አሁን ብርጭቆዋን እንጂ ማንንም አታይም።

«ነጩ መኪና ዛሬም መጣ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ባለውለታው አልነበረች?»

ልጅቷ ሰማች። እንድትሰማም ነው የተባለው።

ሥራ አስኪያጁ ፍራሹ ድረስ መጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ልጅቷ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወተፈች። የተዘረጋው እጅ ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ልጄ!» አለች አክስቷ ደንግጣ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሐዘኑ ነው።»

«ግድ የለም፣ ይገባኛል» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። እቅፉ ቢቀርበት ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ከዚያ ቤቱን ሁሉ እያየ መናገር ጀመረ።

«እናትሽ ለኔ እናትም ጓደኛም ነበረች። ቢሮዬ ገብታ ያላጫወተችኝ ነገር የለም።»

ከግድግዳው በኩል ዓይን ለዓይን ሲጠቃቀስ ልጅቷ አየች።

«አንቺም ወደ እንፋሎቱ አትመለሺም። ሐዘንሽን ስትጨርሺ ከኔ ጋር ቢሮ ትሠሪያለሽ። የሷ ልጅ እጇ ሊቃጠል አይገባም።»

«እግዜር ይስጥልን!» አክስቷ ሁለት እጇን አነባበረች። «በይ እንጂ አመስግኚ!»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው። የተላጨ፣ የሚያሳዝን ነገር የለመደ ፊት ነው።

«ስለ ምን ስለ ምን ነበር የምትጫወቱት?»

«ስለ ሁሉም! ስለ ኑሮዋ፣ ስለ ናንተ። በተለይ የወንድሞችሽ ትምህርት በጣም ያስጨንቃት ነበር።»

«የትኛው ወንድሜ?»

«ትልቁ» አለ ቶሎ ብሎ።

ማንኪያ ሲያማስል የነበረ እጅ ቆመ። ከእናቷ ጋር አንድ ቀን ምሳ የበላ ሁሉ «አንድ ወለድኩና በሩን ዘጋሁ» የሚለውን ቀልዷን ሰምቷል። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይሉ የለ? በዚያ ጭንቅላት ውስጥ ስለ እናቷ የተቀመጠ አንዳች ነገር አልነበረም።

«ትልቁም ትንሹም እሷው ናት፣ ጌታዬ» አለች መቀስ ከመስኮቱ ሥር።

የሳቀ የለም። ሥራ አስኪያጁ ክንዱን ከትከሻዋ ላይ አነሣ። «ብዙ ሰው ስለማነጋግር...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሰዓቱን አየ፤ ለአክስት ብቻ «ያጥናችሁ» ብሎ ወጣ። ወዲያው ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። አንዷ የልጅቷን ትከሻ ስማ እየሮጠች ወጣች። ሥራ ነው፤ ሰርቪሱ በር ላይ ፎርማኑ ቆሞ ማን ወደ ኋላ እንደቀረ በዓይኑ ይለቅማል። መቀስ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

«ሂጂ» አለቻት ልጅቷ። «ያመልጥሻል።»

«ያምልጠኝ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ሰርቪሱ እያጓራ ሄደ። መቀስ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አጥባ ስትጨርስ ጫማዋን አደረገች። ልጅቷም ተነሥታ ተከተለቻት።

«ደግሞ የት ነው?» አለች አክስቷ። የቢሮው ሥራ ገና ከሐሳቧ አልወጣም።

«መንገዱን ላሳያት።»

መንገዱ አስፋልት ነው፤ የእግረኛ ቦታ የለውም። እናቷ አንድ ዝናባማ ቀን፣ ሰርቪሱ ሙሉ ሰው እያያት፣ «እናቴ ግቢ» ሲላት ነጩ መኪና ውስጥ ገብታ ነበር። በማግስቱ ሰርቪስ ውስጥ ሰላም ያላት ሰው አልነበረም። ነጩ መኪና ውስጥ ዳግመኛ አልገባችም። ሰርቪሱንም ተወችው። በእግሯ መመላለስ ጀመረች።

ሁለቱ የአስፋልቱን ዳር ይዘው ሄዱ። ከኋላቸው የጭነት መኪና ሲያልፍ የሁለቱም ልብስ ይርገበገባል።

«ነገ አዳራሹ መሐል ቆሜ እናትሽ ጆሮ እንዳልነበረች እናገራለሁ» አለች መቀስ በመጨረሻ። «ዛሬ የቀረው ሁሉ ይሰማል።»

«እንዳትናገሪ። ትባረሪያለሽ እንጂ የሚሰማሽ የለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምሳ ላይ አንድ በአንድ ጠይቂያቸው። ትልቁን ወንድ ልጇን ታውቂዋለሽ ወይ በያቸው። ከዚያ ዝም በይ።»

መቀስ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። የልጅቷ እናት የተገጨችበት መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ መቀስ ቆመች። አስፋልቱ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ጥቁር ነው፣ እንደ ሌላው ሁሉ። ከወዲያ በኩል ሞተር ተሰማ።

ልጅቷ እጅጌዋን ይዛ ወደ አጥሩ ሳበቻትና በአስፋልቱ በኩል ያለውን ቦታ ራሷ ያዘች።