የአየነው ስድስተኛ ጣት

አያ አወቀ እንደሚሉት ነገሩ እንዲህ ነው። በመርጡለ ማርያም አካባቢ አየነው የሚባል፣ በሁለቱም እጁ ስድስት ስድስት ጣት ያለው ገበሬ ነበር። ክፉ ቀን መጥቶ በሬዎቹ ሲያልቁበት ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወደ ቁይ ተሰደደ። እዚያ ስሙን ለውጦ ካሳ ተባለ፤ ሌላ ሚስት አግብቶም ወለደ። ከመጀመሪያዪቱ ሚስት የእኛ ቤት መጣ፣ ከሁለተኛዪቱ የእነ አያ አወቀ። ስለዚህ እህቴ የኔዓለምና የአያ አወቀ የወንድም ልጅ ድረስ የአንድ ሰው ዘር ናቸው፤ ሊጋቡ አይችሉም።

እናቴ ጥላነሽ እንደምትለው ደግሞ አየነው ቁይን በዓይኑ አላያትም። ክፉውን ቀን ከሚስቱ ጋር ጥሬ እየቆረጠመ አሳለፈ። በኋላ ሚስቱ ስትሞትበት መርጡለ ማርያም ገብቶ መነኮሰ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ሁለተኛ ሚስት የሚባል ነገር የለም። የቁዩ ካሳ ሌላ ካሳ ነው።

አየነውን ሁለቱም አላዩትም። አያ አወቀ ከአያታቸው ሰሙ፣ እናቴ ከአጎቷ። ሁለቱንም ሲዋሹ አላውቅም። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

በእኛ አገር ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። የወንዱና የሴቷ አያት ቅድመ አያት እየተጠራ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ካልተገናኘ ሰርጉ ይደገሳል፤ ከተገናኘ ይቀራል። በአካባቢያችን ዘር በመቁጠር የአያ አወቀን ያህል የሚታመን ሰው አልነበረም። የድረስንና የየኔዓለምንም የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። የሁለቱን ቤት አንድ በአንድ ወጥተው ወረዱና ንጹሕ ነው አሉ። ሰርጉ ለሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ተቀጠረ። እናቴ ጌሾ አስወቀጠች። በደብረ ማርቆስ ከተማ ልብስ ሰፊ የሆነው ድረስም የሙሽራዪቱን ቀሚስ በገዛ እጁ መስፋት ጀመረ።

ከዚያ የድረስ እህት ሽታዬ የወለደችው ልጅ ክርስትና ተነሣ። ሕፃኑ በቀኝ እጁ በትንሿ ጣቱ ጎን የተንጠለጠለች ሌላ ጣት ነበረችው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ በመጀመሪያው ሳምንት ጣቷ በፈረስ ጭራ ትታሰራለች፤ ደርቃ ትወድቃለች፤ የሚቀረው ምስር የምታህል እብጠት ብቻ ነው። ሽታዬ ግን ልጁ ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል ብሎ ዛሬ ነገ ስትል አርባው ደረሰ። አያ አወቀ ሕፃኑን ለመመረቅ ሲታቀፉ ጣቷን አዩ። ከዚያ የኔዓለምም ስትወለድ ጣቷ እንደታሰረ አስታወሱ። በእኛ ቤትስ ማን ረሳው፤ እህቴ ነገር ስታስብ ያችን ምስር የምታህል እብጠት በአውራ ጣቷ ማሸት ልማዷ ነው።

አያ አወቀ ክፉ ሰው ቢሆኑ ዝም ባሉ ነበር። የራሳቸው ወንድም ልጅ ሰርግ ነው። እሳቸው ግን በዚያው ቀን ቁጥሬ ተሳስቷል፣ ደም ከአፍ ይበልጣል ብለው ለሁለቱም ወገን ነገሩ። እስከዚያ ድረስ ስለ አየነው ሁለተኛ ሚስት ሰምተን አናውቅም።

ድረስ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ደብረ ማርቆስ ወደ ተከራየሁት ቤት መጣ። ኮሌጅ ጨርሼ በከተማው ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና አንድ ዓመቴ ነበር።

"እንዳላማው፣ አንተ ይኸን ነገር ተምረኸዋል" አለኝ። "ዘመድ ነን ወይስ አይደለንም?"

አላውቅም አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ከመልሴ የተሻለ መልስ እንድፈልግ አስገደደኝ። የማውቀውን ነገርኩት። በሰውነታችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል፣ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ የተሠራ እጅግ ቀጭን ክር አለ። ከክሩ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ ጂን ይባላል፤ ስለ ጸጉር፣ ስለ ቁመት፣ ስለ ጣት ትእዛዙ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ልጅ ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል። ድረስ ክር ሲባል ጆሮው ቆመ። እኔ ከሁለት ጣቃ የተቆረጥኩ ልብስ ነኛ አለ። ነህ አልኩት። ታዲያ ከየትኛው ጣቃ ምን እንደመጣ ስፌቱን ፈትተህ አታይም ሲለኝ፣ ያንን የሚፈታ ሰው ገና በዓለም ላይ የለም ብዬ መለስኩለት። የተከፋ ሰው ሻይ አይጠጣም ብሎ ሄደ፤ ግን ሻዩን ጠጥቶ ነው የሄደው።

በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር ወደ ቁይ ወጣሁ። ሰው ጣቱን ካሳሰረ ምልክቱ ይቀራል፤ እስቲ ስንቱ ሰው ላይ እንዳለ ልይ ብዬ ነበር። የሚሰፍረውን፣ የሚመዝነውን፣ የሚጎትተውን እጅ ሁሉ እያየሁ ዞርኩ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ታገሠችኝ ታገሠችኝና፣ ቅቤውን ትገዛለህ ወይስ እጄን ልታገባ ነው አለችኝ። የጎኗ ሴት ተዪው፣ መዳፍ አንባቢ ነው አለች። ሌላዪቱ ደግሞ የለም፣ የመንግሥት ሰው ነው፣ ሚዛን ሊቆጣጠር ነው አለች። ሁሉም ቅቤያቸውን በኮባ ይሸፍኑ ጀመር። እውነቱን ብናገር ይሻላል ብዬ የእህቴን ነገር አጫወትኳቸው። ይኼኔ ሳቁ። ቅቤ ሻጯ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትንሿን ጣቷን አሳየችኝ፤ ምስሯ አለች። የጎኗ ሴት ባሏም እንዳለችው ነገረችኝ። ድንች የሚሸጥ ሽማግሌ ሳልጠይቀው ሁለቱንም እጁን ዘረጋልኝ። ሦስቱም የተለያየ አገር ሰዎች ነበሩ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የገባኝ ነገር ይኼ ነበር። ጣቷ ብርቅ የመሰለችን ስለምናስራት ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱን በፈረስ ጭራ አስሮ ይጥልና፣ በሰው ቤት ሳያስቧት ብቅ ስትል የአየነው ናት ይላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በእናቴ ግቢ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። የሽምግልናው ዳኛ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ነበሩ፤ ዳዊት በብራና እየገለበጡ የሚጽፉ፣ ነገር ሳይጨርሱ የማይፈርዱ ሰው ናቸው። አያ አወቀ በቀኛቸው፣ እናቴ በግራቸው። የሽታዬ ባል ታረቀ አማች ስለሆነ ራቅ ብሎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። የኔዓለም ጠላ ታዞራለች፤ ማንንም አታይም።

መሪጌታ መጀመሪያ ሁለቱን ወገን አናገሩ። አያ አወቀም እናቴም ከላይ የጻፍኩትን ደገሙት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

ከመቶ ዓመት በፊት በፈረንጅ አገር አንድ መነኩሴ በገዳሙ ጓሮ አተር ይዘራ ነበር ብዬ ጀመርኩ። መሪጌታ አተሩ ለጾም ነው ወይስ ለምርምር ብለው ጠየቁኝ፤ ለሁለቱም ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ረጅሙን አተር ከአጭሩ ጋር ሲያዳቅል የወጣው ሁሉ ረጅም ሆነ። ከእነዚያ ረጃጅሞች ዘር ግን አጭሩ ተመልሶ መጣ። ጠፍቶ ሳይሆን ተደብቆ ነበር። የሰውም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ነገር በአባት ላይ ሳይታይ አልፎ በልጅ ላይ ይወጣል።

"ይኸ ለእኔ ነው የሚመሰክረው" አሉ አያ አወቀ። "ድረስ ላይ አልታየም፣ ተደብቋል።"

ልክ ነዎት፣ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። እናቴ ዓይኗን ወደ ሰማይ አነሣች። ለዚህ ነው ያስተማርኩህ ማለቷ ነበር። እኔ ግን ቀጠልኩ። ሽታዬ ልጇን ብቻዋን አልወለደችውም። ግማሹ የአባቱ ነው። እስካሁን አባቱን የጠየቀው ሰው የለም።

ሁሉም ዞሮ ታረቀን አየው። ታረቀ የያዘውን ዋንጫ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። እጁን እንዲያሳየን ስለምነው ግራ እጁን ዘረጋ፤ ከትንሿ ጣቱ ጎን ምስሯ አለች።

"ኪንታሮት ናት" አለ። "ከልጅነቴ ጀምሮ አለች። እናቴን ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም።"

ግቢው ሳቀ። ሽታዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ለእኔ ግን ያልሸለመኝን ለልጁ ሸለመው አለች። ታረቀ የአማኑኤል ከተማ ሰው ነው፤ ከአየነውም ከካሳም ጋር ምንም አያገናኘውም። ይኸን አያ አወቀ ራሳቸው ያውቃሉ፣ ሽታዬ ስትዳር የቆጠሩት እሳቸው ናቸውና።

አያ አወቀ ግን በቀላሉ የሚሸነፉ አልነበሩም። ይኸ የታረቀን ቤት ያሳያል እንጂ የእኛን ቤት ነጻ አያወጣም አሉ። ይኸም ልክ ነበር፤ ልክ ነዎት አልኩ። እናቴ በዚህ ጊዜ ልታየኝም አልፈለገች። የገበያውን ነገር አወራሁ፦ ስለ ቅቤ ሻጯ፣ ስለ ድንች ሻጩ። ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስሕተት ይገባል፤ ያው አንድ ዓይነት ስሕተት በማይተዋወቁ ቤቶች ለየብቻው ሊገባ ይችላል አልኩ።

እዚህ ላይ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይኸ ለእኔ አዲስ አይደለም አሉ። ዳዊት ሲገለበጥ ሁለት መስመር በአንድ ዓይነት ቃል ከጀመረ ዓይን ይዘላል። መርጡለ ማርያም ያለው ጸሐፊ እዚያው ላይ ይስታል፣ ዳሞት ያለውም እዚያው ላይ ይስታል። አንዱ ከአንዱ አልቀዳም፤ አይተያዩምም። ይኸን ብለው ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡና በጉልበታቸው ላይ አኖሩት። በትንሿ ጣታቸው ጎን፣ ብራናው ላይ በሚያርፈው በኩል፣ ምስሯ ነበረች።

"ተማሪዎቼ የጽሕፈት ጠባሳ ይመስላቸዋል" አሉ። "እኔ የዳሞት ሰው ነኝ። ዳኛ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይመሰክርምና ዝም አልኩ።"

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "እንግዲያ አየነው ሦስተኛ ሚስት ዳሞት ነበረችው" አለች። "ምስኪን፣ መቼ አርሶ መቼ መነኮሰ?"

አያ አወቀ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን አቀርቅረው ቀሩ። ያን ጊዜ ያሳሰባቸው የድረስ ሰርግ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ስንቱ ሰው በእሳቸው ቃል ተጋብቷል፣ ስንቱ በእሳቸው ቃል ቀርቷል። አንዲት ጣት ይኸን ሁሉ አናግታባቸው ከረመች።

ጠጋ ብዬ ቁጢጥ አልኩ። "አያ፣ እኔ ጣቷ ዘመድ ናችሁ ወይም አይደላችሁም አትልም ነው የምለው። ከእሷ ይልቅ የማምነው የእርስዎን ቁጥር ነው። ጣቷን ከማየትዎ በፊት ስለ አየነው ሁለተኛ ሚስት ከአያትዎ ሰምተው ነበር?"

ከአያታቸው የሰሙት ቁይ ውስጥ ካሳ የሚባል ከሌላ አገር የመጣ ሰው እንደነበረ ነው። የካሳን አባትና አያት ግን ያውቃሉ፤ ያኔም ቆጥረዋቸዋል፤ አሁንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እስከ ስምንተኛው ቤት ጠሯቸው። አንዱም የአየነው አባት ወይም አያት አልነበረም።

"ጣቷን ካነሣህብኝ ሁለተኛ ሚስት የለችም" አሉ በመጨረሻ። "ሚስቲቱን የዳርኩለት እኔ ነኝ።"

ተነሥተው ለመሪጌታ እጅ ነሡ፤ ቁጥሬ ቁጥር ነው፣ ልጆቹ ይጋቡ አሉ። እናቴ እልል አለች። ሽታዬ ከጓዳ ተቀበለቻት። አንዱ ሽማግሌ ድረስን ከከተማ የሚጠራ ሰው ይላክ ሲል፣ ከአጥሩ ውጭ የሆነ ሰው አስነጠሰ፤ ለካስ ቅዳሴ ካበቃ ጀምሮ እዚያው ቆሞ ኖሯል። ሲገባ የመለኪያ ሜትሩ ዛሬም አንገቱ ላይ ነው።

አያ አወቀ ደስታው ትንሽ እስኪበርድ ጠብቀው የኔዓለምን ጠሯት። ሰው ይረሳል እንጂ ወሬ አይረሳም፤ ነገ ልጅ ወልደሽ ጣት ቢያወጣ ከእኔ የባሰ ቆጣሪ ይመጣና ያምስሻል፤ ስለዚህ ማንም ሳያይ በሦስተኛው ቀን እሰሪው ብለው በቅንነት መከሯት። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደህና ምክር ነበር።

እህቴ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠች። በአውራ ጣቷ ያችን እብጠት ለአፍታ አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ እጇን አወረደችና ቀና አለች።

"የለም አያ" አለች፣ ከበሩ ጀምሮ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። "ስድስት ጣት ይዞ ከተወለደ አላስረውም። ስድስቱንም ይዞ ይደግ።"