የፓኦራ እግር

በቤታችን የገላ ልብስና የወጥ ቤት ፎጣ አንድ ላይ አይታጠብም። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው፤ እኔም ልጄን ቴሪናን እንደዚያ አሳደግኳት። የሆስፒታል ልብሷ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ያን ሰኞ ከጠዋቱ ፈረቃ ተመልሳ ልብሷን ቅርጫት ውስጥ ጣለችና ጋደም አለች። ነርስ ሆና ከተቀጠረች አሥር ወሯ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት እስኪያልቅ እያንዳንዱ እርምጃዬ ይታያል እያለች ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር።

ኪሷን አራገፍኩ። እስክሪብቶ፣ ትንሽ መቀስ፣ አንድ ከረሜላ፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብተወው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን እኔ ማንበብ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እማራለሁ። ፊደል ያለበት ነገር ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የወተቱን ካርቶን፣ የፌርማታውን ማስታወቂያ፣ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ የቀብር ሰዓት፣ ሁሉንም አነባለሁ። ያንንም ዘረጋሁት።

የአልጋ ቁጥሮች ነበሩ፤ ከቁጥሮቹ ጎን ስሞች። ጣቴን እያስኬድኩ ወረድኩ። አራተኛው ስም ላይ ቆምኩ። አጎት ፓኦራ ናቸው፤ የእናቴ ያክስት ልጅ፣ ወንዙ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩት፣ የዓሣ ወጥመድ የሚሠሩት፣ ስኳር ያለባቸው። «ግራ እግር፣ ከጉልበት በታች፣ ሐሙስ ይቆረጣል» ይላል።

ከዚያ በላይ አላነበብኩም። ሐሳቤ በሙሉ ወደ መቃብሩ ሄደ። በእኛ ዘንድ የሰው አካል ቆሻሻ አይደለም። የተቆረጠ እግር ወደ አገሩ ይመጣል፣ ከአባቶቹ አጠገብ ይቀበራል፣ ባለቤቱ በጊዜው እስኪከተለው እዚያ ይጠብቀዋል። ሰው ያልጠየቀውን ግን ሆስፒታሉ ያቃጥለዋል። ማን ይቆፍራል? ማን ይጸልያል? ሐሙስ ሊደርስ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ስልኬን አነሳሁና ለእህታቸው ለአክስት ሂኔዋይ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ ሮይማታ ነኝ። ስለ አጎቴ ፓኦራ ነው። ጉድጓዱን ማን ሊቆፍር ነው?»

«የምን ጉድጓድ? ሞተ እንዴ?»

«ኧረ አልሞቱም! ለእግራቸው ነው።»

«ለየትኛው እግር?» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ሆስፒታል መተኛታቸውንም አያውቁም ነበር። ፓኦራ ጓደኛቸው ጋ ዓሣ ሊያጠምዱ እንደሄዱ ነበር የነገሯቸው። የተናገርኩትን ልመልሰው ሞከርኩ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አቃተኝ። የታጠበውን ልብስ ደግሜ አጠብኩት። ማክሰኞ ትምህርቴን ቀረሁ። አክስት ሂኔዋይ ጋ አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሱም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስል ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ የቴሪና መኪና ግቢ ገባች። ሞተሩን አጠፋች፤ ቶሎ ግን አልወረደችም።

«እማ፣ የዛሬውን ጉድ ብታዪ!» አለች ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች። «አክስት ሂኔዋይ ሰባት ሰው በቫን ጭነው መጡ። ብርድ ልብስ፣ በድስት ሙሉ የአሳማ አጥንት ቅቅል! ኮሪደሩ ላይ ጸሎት ጀመሩ። አጎት ፓኦራ መጋረጃቸውን ጎትተው ዘጉና ማነው የነገራቸው ብለው ጮኹ። ያንን ሳላውቅ ለቀዶ ጥገናው አልፈርምም አሉ። ሊንሊ አንድ በአንድ እየጠራች ስትጠይቀን ዋለች።»

ሊንሊ የክፍሉ ነርሶች አለቃ ናት።

«አንቺንስ ምን አለችሽ?»

«የፈረቃ ርክክብ ወረቀትሽን ስትወጪ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ከትተሻል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁልጊዜ እከታለኋ። ሰኞ ግን...» እጇ ወደ ኪሷ ሄደ። «ሰኞ አንድ ሽማግሌ ወድቀው፣ እሳቸውን ስናነሳ ሰዓቱ አለፈ። እማ፣ ልብሴን ስታጥቢ ወረቀት አገኘሽ?»

ወረቀቱ የማክሰኞ ደብተሬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን የጉድጓዱ ነገር ነው። እግሩ እንዳይቃጠል ብዬ ነው አልኳት። ሐሙስ ቀርቦብኝ ነው አልኳት። ማንም ዘመድ ያደርገዋል አልኳት።

«አንብቢው» አለችኝ።

«አንብቤዋለሁ እኮ።»

«የእሳቸውን መስመር። እስከ መጨረሻው።»

ጣቴን አስቀመጥኩ። ሐሙስ ከሚለው ቀጥሎ ሁለት አጫጭር ነገሮች ተጽፈዋል። እግሩን ወደ ቤት መውሰድ ይፈልጉ እንደሆነ ገና አልወሰኑም። ለቤተሰብ እንዳይነገር ጠይቀዋል።

«ነዳጅ ማደያው ጋ ሰው ሲያወራ ሰማሁ እላለሁ» አልኩ ወዲያው።

«ማን ሲያወራ?»

«የማላውቀው ሰው።»

«እዚህ ከተማ ውስጥ የማታውቂው ሰው አለ?» አለች። ተቀመጠች፣ ተነሳች። እንደኔው ናት፣ ስትጨነቅ መቀመጥ አትችልም። «ስሚኝ እማ። ወረቀቱን ይዤ መውጣቴ ጥፋት ነው፤ አጠፋሁ ብዬ እቆማለሁ። ውሸት ከጨመርንበት ግን የሙያ ፈቃዴን ይወስዱታል፣ ይገባቸዋልም። ሊንሊን አዎ ብያታለሁ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምነግራት አልከተትኩም ብዬ ነው።»

«እኔም እመጣለሁ። አጎቴ እግር ላይ ወድቄ...»

«እሱንማ ተይው» አለች፤ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። ወዲያው ፊቷ ተመለሰ። «ደግሞ ዝም ብለሽ አትገቢም። አላይሽም ማለት መብታቸው ነው። ትጠይቂያለሽ፤ እሺ ካሉ ትገቢያለሽ።»

ሦስት ዓመት ስትማር ያየኋት ልጄ ናት። ጠረጴዛችን ላይ መጽሐፍ ዘርግታ የታካሚ መብት ይህ ነው፣ የነርስ ግዴታ ይህ ነው እያለች ስታነብልኝ፣ እኔ ድንች እየላጥኩ እሰማ ነበር። ሁሉም እናቴ የነገረችኝ ነው እላት ነበር፤ ሰው አክብሪ፣ ራሱን የሚያስደግፍበትን ትራስ እግሩ ሥር አታድርጊ፣ ሳትጠይቂ አትንኪ። ሳይጠየቁ ዝም ማለት እዚያ ውስጥ እንዳለ ግን አላሰብኩም።

ረቡዕ ጠዋት አምስት መስመር ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቴ ቀደድኩት። አራተኛውን ሆስፒታል ወስጄ ለሊንሊ ሰጠኋት፤ ለአጎት ፓኦራ ልታደርስልኝ ገባች። ቴሪናን ቀደም ብላ ቢሮዋ ውስጥ አነጋግራት ነበር፤ ልጄ ስትወጣ ዓይኔን ሳታይ አለፈች።

ኮሪደሩ ላይ አክስት ሂኔዋይ ድስታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰዎቻቸው መኪና ውስጥ ናቸው።

«ጉድጓድ ቆፋሪዋ መጣሽ?» አሉኝ።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሞተ እንዴ ስልሽ ልቤ ቆሞ ነበር። አንቺ ደግሞ ግማሹን ነው የምትቀብሪልኝ!» ድስቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ለምንድነው ለኔ ያልነገረኝ?»

ሄድኩ፣ መጣሁ። የእጅ መታጠቢያውን ማስታወቂያ አነበብኩ። የእሳት አደጋ መውጫውን አነበብኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደነገጥኩ። መጨረሻ ላይ ሊንሊ ብቅ አለች።

«ግቢ ብለዋል» አለችኝ። ወደ አክስት ሂኔዋይ ዞረች። «ድስቱ ግን አይገባም ብለዋል።»

«ድስቱን ሳይሆን እኔን ማለቱ ነው» አሉ አክስት ሂኔዋይ።

አጎት ፓኦራ ከስተዋል። ነጩ ትራስ ራሳቸው ሥር፣ አረንጓዴው ትራስ እግራቸው ሥር ነው። ቴሪና ከአልጋው ግርጌ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች።

«ሮይማታ» አሉኝ።

«አቤት አጎቴ።»

«ማንበብ ጀመረች ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አስተማሪሽ መሃል ላይ ስትደርሺ አቁሚ ብላ ነው እንዴ የምታስተምርሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅርጫቱን፣ ኪሱን፣ ጣቴ የቆመበትን ቦታ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ አፏን አልከፈተችም አልኩ። ወደ መስኮቱ እያዩ ሰሙኝ።

«ይህ እግር ስልሳ ሦስት ዓመት ተሸክሞኛል» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሲሞትብን ሦስት ቀን አጠገቡ እንቀመጣለን። ብቻውን አንተወውም። እኔም ሦስት ቀን ከእግሬ ጋር መቀመጥ ፈለግኩ፤ እኔና እሱ ብቻ። ሂኔዋይ ካወቀች መላው ማራኤ፣ የመሰብሰቢያ ቤታችን ሕዝብ ሁሉ፣ ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ ይዘፈናል፣ የት ይቀበር እየተባለ ይጨቃጨቃል። መምጣታቸውን አልጠላሁም። ሐሙስ ጠዋት ልነግራት ነበር። እነዚያን ሦስት ቀኖች ነው የወሰድሽብኝ። አትመልሺልኝም።»

«አልመልስም» አልኩ።

ወደ ሊንሊ ዞሩ። «ልጅቷ ትባረራለች?»

«አላውቅም» አለች ሊንሊ። «ትናንት የተናገረችው ስህተት እንደነበር ዛሬ ራሷ ጽፋ ሰጥታኛለች። ጉዳዩ ወደ ነርሶች ምክር ቤት ይሄዳል፤ የእርስዎም ቅሬታ አብሮ ይያያዛል።»

«እንግዲያው ይጻፍ። መነጽሬ ቤት ነው። ሮይማታ፣ አንቺ ጻፊ።»

«እናቷ ብትጽፈው ደግ አይመስለኝም» አለች ሊንሊ።

«ቃሉ የኔ ነው። አንቺ ታነቢዋለሽ፣ እኔ እፈርማለሁ። ከኔ ቃል አንዲት ብትጎድል ሂኔዋይ ድስቱን ሮይማታ ራስ ላይ እንድትደፋው አደርጋለሁ።»

ወረቀት ሰጡኝ። አጎት ፓኦራ ቀስ ብለው ተናገሩ፣ እኔም ቀስ ብዬ ጻፍኩ።

«ይቺ ነርስ ስሜን ኪሷ ውስጥ ይዛ ወጣች። ለማንም እንዳይነገር ብዬ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ካለ እግሩን ያምጣ።» ወደኔ ዞሩ። «ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።» የልጄን ጥፋት በገዛ እጄ ጻፍኩት። ቴሪና ወለሉን ታያለች።

«ሌላም አለ። እዚህ ስተኛ ስለ እግሬ ሁሉም ሰው ጠየቀኝ፤ ያማል ወይ፣ ይሸታል ወይ። ከተቆረጠ በኋላ የት ይሂድ ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት። አላውቅም አልኳት። ነገ ደግሞ እጠይቅዎታለሁ አለችኝ፤ በማግስቱም ጠየቀችኝ። ስትቀጡ ይህንንም እዩ። ቁስሌን እሷ እንድታሽግልኝ እፈልጋለሁ፤ ኪሷን መጀመሪያ ፈትሹ።»

ጨረስኩ። ላቤ አንገቴ ላይ ወርዷል።

«አሁን አንብቢልኝ» አሉ። «እስከ መጨረሻው።»

ጣቴን አስቀምጬ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ፤ ማንም አላረመኝም። ሊንሊም አነበበችው። ፈረሙ። ከዚያ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት አምጡት አሉ። «ሂኔዋይን ጥሯት» ብለው ጨመሩ። «ብቻዋን።»

እግሩ ቅዳሜ ጠዋት ከእናታቸው አጠገብ ተቀበረ። እኔም አካፋ ያዝኩ። አክስት ሂኔዋይ አፈሩን ካዩ በኋላ «ጥልቅ አድርጊው፤ ወንድሜ እንቅልፉ ከባድ ነው» አሉኝ።

ምክር ቤቱ እስኪወስን ቴሪና ሌላ ነርስ አጠገቧ ሳይኖር መድኃኒት እንኳ አትሰጥም ነበር። ቤት ውስጥ ብዙ አናወራም። በሰባተኛው ሳምንት ደብዳቤው መጣ። የላኪውን ስም ፖስታው ላይ አነበብኩ፤ የልጄን ስም አነበብኩ። በፖስታው ግልጽ መስኮት በኩል ከስሟ ሥር የመጀመሪያው መስመር ግማሽ ይታያል። ፊቴን አዞርኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከዚያ መልሼ ጠረጴዛው ላይ፣ በጀርባው ገልብጬ። ድንች ላጥኩ። ለስድስት ሰው የሚበቃ ድንች ላጥኩ።

ስትመጣ ቆማ ከፈተችው። ዓይኗ ሲወርድ አየዋለሁ። መሃል ላይ ቆመ።

«ጨርሺው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጨረሰችው። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ፈቃዴ አልተነካም» አለች። «ተግሣጹ ተመዝግቧል፤ ስድስት ወር በክትትል እሠራለሁ። ስለ ምስጢር አጠባበቅ እንደገና እማራለሁ።» ደብዳቤውን አጠፈችው። «እማ፣ አልከፈትሽውም?»

«ያንቺ ነው እኮ።»

ገብታ ልብሷን ቀየረች። የሥራ ልብሷን ቅርጫት ውስጥ ከመጣሏ በፊት ኪሶቿን በሙሉ ወደ ውጭ ገለበጠቻቸው። እሷ ዞር ስትል እኔ ደግሜ አየኋቸው።