ሸክላ ተራ

አይናለም በማለዳ ተነሣች። አልጋዋን አነጠፈች፣ ያደረ ዳቦ በሻይ በላች፣ አንዷን ብርጭቆ አጥባ ደፋቻት። በረንዳ ላይ ያሰጣችውን ልብስ አስገብታ ቂርያት ማላኪ ላይ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ገደራ ወርዳ የያቭነን አውቶቡስ ጠበቀች። ባሏ መንገሻ በሕይወት ሳለ ማክሰኞ ማክሰኞ ደብተሩን በብብቱ ይዞ እዚሁ ይወርድ ነበር፤ አዛውንቷ እማማ ታፈሰች ዘንድ። መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የገበያ ቃላትን ከነአመጣጣቸው ከሽማግሌዎች አፍ መልቀም ሆነ። ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እማማ ታፈሰችም ባለፈው ክረምት ተከተሉት።

ደብተሩ ያቭነ ነው ያለው። የሰፈሩ ማትናስ፣ የነዋሪው መሰብሰቢያ ማዕከል፣ በግቢው የእጅ ሥራ ገበያ ሊከፍት ነው፤ ሠራተኛዋ ሊኖይ «ተራ» የሚለውን ቃል የሚያስረዳ ሰሌዳ ልሥራ ብላ ለምና ለሳምንት ተዋሰችው። ሁለት ወር አለፈ። አይናለም ዛሬ ልትቀበል ነው የሄደችው።

ሰሌዳው በሩ ላይ ተሰቅሏል። በዕብራይስጥ «ተራ፦ በቀለማት ያሸበረቀ የአፍሪካ ገበያ» ይላል።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከኢንተርኔት፣ ዶዳ አይናለም። አማርኛ ማንበብ አልችልማ!» አለች ሊኖይ፣ እንደ ወጉ በዕብራይስጥ አክስት ብላ እየጠራቻት።

«እንግዲያው ደብተሬን ስጪኝ።»

ሊኖይ ጠረጴዛዋን አየች። «ቧንቧ ፈንድቶ ራሰ። ልነግርሽ አፈርኩ። ግን ቤሰደር፣ ችግር የለም፣ በክብር ነው ያደረግኩት። አያቴ ቤት ያለው ኦሪት በዚያው ፊደል ነው የተጻፈው፤ ሲወድቅ አንሥተን እንስመዋለን። መጣል ኃጢአት መሰለኝ፤ ለግኒዛ ሰጠሁት።»

ግኒዛ ያረጀ ቅዱስ መጽሐፍ የሚጠራቀምበት ሣጥን ነው። ሲሞላ እንደ ሰው ይቀበራል።

በረኛው ሐብቴ ከበሩ ሆኖ ይሰማ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ፊደል ሁሉ ኦሪት ነው? የመድኃኒት ማዘዣ በአማርኛ ብሰጥሽ ትስሚያለሽ?»

«ዝም በል ሐብቴ» አለች አይናለም። «ሁሉም ነው የራሰው?»

«ከላይ ያሉት ገጾች…»

«ፀሐይ የለም እዚህ አገር?»

አይናለም እጇን ዘረጋች።

«የት ነው ያለው?»

«ባለፈው ወር ተቀበረ። ከየከተማው ከመጣ ከረጢት ጋር። ስሊሃ፣ ይቅርታ፣ ዶዳ።»

አይናለም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በመንገሻ ቀብር ዕለት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ጨመቀችው።

«አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛውን ማን አዘዘሽ? ማንበብ ባትችዪ አፍ የለሽም? ስልክ የለሽም? ሳታነቢ መሳም ከየት የተማርሽው አክብሮት ነው?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አይናለም አላባበለቻትም።

«እንባሽን ጥረጊና ጻፊ። ተራ አገር ቤት የገበያ መስመር ነው። ጨው የያዘ ከጨው ነጋዴ ጎን፣ በርበሬ የያዘ ከበርበሬ ነጋዴ ጎን ይደረደራል፤ መስመሩም በዕቃው ይጠራል። ጨው ተራ፣ በርበሬ ተራ። የኛን የኦሪታውያኑን ሸክላ ሠሪዎች ግን ቡዳ ናቸው እያሉ ከየመስመሩ ያባርሯቸው ነበር። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከከብት ማረጃው ሥር፣ ዝንቡ መሐል፣ ማድጋዋን አስቀመጠች። ሊያስነሷት ቢመጡ አልነሣም አለች። በሳምንቱ ሁለት ሴቶች አጠገቧ ተቀመጡ። ዓመት ሳይሞላ ከዳር እስከ ዳር ሸክላ ሆነ። ሸክላ ተራ የተባለው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠራው በሷ ስም ነበር። እማማ ታፈሰች የልጅ ልጇ ናቸው።»

«ስሟ ማን ነው?»

አይናለም አፏን ከፈተች። መንገሻ ከገደራ የተመለሰ ዕለት ጫማውን ሳያወልቅ ስሙን ከደብተሩ አንብቦላት ነበር። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች «እህ» ብላ አለፈችው።

«ቦታውን ባዶ ተዪው» አለች።

ሐብቴ መሰላል አምጥቶ ሰሌዳውን አወረደ። በሳምንቱ አዲሱ ተሰቀለ። ጨው ተራም፣ ማድጋውም፣ ዝንቡም ተጽፏል። የሴትዮዋ ስም የለም።