በር የሌለው ቤት

“ሽንት ቤቱ በር የለውም እንዴ?” አለች ባለ ፋይሏ፣ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ይዛ እንደቆመች።

የቤቱ እመቤት፣ ሹራብ ሠሪዋ፣ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ባለ ፋይሏ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን ከሚረዳው ቢሮ የምትላክ ጎብኚ ናት፤ ፋይሏን እንደ ሕፃን አቅፋ ስለምትዞር ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታለች። መጀመሪያ “ቤቱ ተቀብቶ ገና አልደረቀም”፣ ቀጥሎ ደግሞ “እንግዳ ተኝቷል” እየተባለች ከበረንዳ ተሸኝታለች። ዛሬ ግን ሳትጠበቅ በጠዋት መጥታ፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ሽንት ቤት ጠየቀች። ሽንት ቤት የጠየቀን ሰው በምን አፍ ይከለክሉታል?

“አብጦ ነው፣ እትዬ። እርጥበት ገብቶበት አልዘጋ ስላለ ሊላግ ነው። ግድ የለም፣ ይግቡ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቃለሁ።”

“የጓዳውስ?”

“እሱም አብጦ ነው።”

“የመኝታ ቤቱም?”

“እ... እሱም።”

ባለ ፋይሏ ሦስቱን ባዶ መቃኖች ተራ በተራ አየቻቸው። “ሟቹ ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አናጢ ነበር” አለች ቀስ ብላ። “በዚህ በደረቅ በጋ በር ሲያብጥ ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።” ይህን ብላ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ሹራብ ሠሪዋ ፊቷ ጋለ። ከውሸት ሁሉ መርጣ የእንጨት ውሸት፣ ያውም የአናጢ ሚስት ለአናጢ ሚስት! እፍረቱ ሳይለቃት ጥርጣሬው ተከተለ። ለነገሩ “ጠርጥር” የሚለውን ተረት ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው የሚመስላት ሴት ናት። ሴትዮዋ እውነት ሽንቷ መጥቶ ነው? ወይስ ሹክ ያላት ሰው አለ? ልብስ ተኳሿ ጎረቤት ትሆናለች፤ ጓሮ በላስቲክ ተሸፍነው የተደገፉትን በሮች በአጥሩ ቀዳዳ ሳታያቸው አትቀርም። ወይም ደግሞ የባሏ የእንጨት ሥራ ቤት ፎርማን ራሱ ይሆናል የላካት። ከመጋረጃው ጀርባ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ጆሮዋን አቆመች። ሲሰማም እንኳ ‘ለማስመሰል ይሆናል’ አለች በሆዷ።

በሮቹን የነቀላቸው ባሏ ነው። ከግንባር በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ካቻቢቴውን አንሥቶ መጀመሪያ የመኝታ ቤቱን፣ ቀጥሎ የጓዳውን፣ በመጨረሻ የሽንት ቤቱን ፈታ። ብሎኖቹን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልሎ የየትኛው በር እንደሆኑ በእርሳስ ጻፈባቸው። “የተዘጋ በር ሳይ ከኋላው ያለው ነገር ያስጨንቀኛል” አላት። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም። ይኸው ስድስት ሳምንት ሆናቸው። ሽንት ቤት የሚገባ ሰው እያንጎራጎረ ይገባል፤ ዜማ ከሌለ ሰው የለም ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ሁለቱም ይስቁ ነበር። እሷን ሳቅ ያሳጣት ሌላው ነገር ነው፤ ባሏ አይተኛም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባዶውን መቃን ሲያይ ያነጋል።

ስለ እሱ ለጠየቀ ሁሉ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። ለእናቱ “ወፍሯል”፣ ለጎረቤት “እንቅልፍ ጥሎታል”፣ ለፎርማኑ “ሥራ ናፍቆታል”። ዝም አይነቅዝም ብሎ እሱ ዝም ሲል፣ የሱንም ድርሻ እሷ ትናገራለች።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም። በእንጨት ሥራ ቤቱ የባሏን የድሮ ቦታ፣ የመጋዝ ማሽኑን፣ ጠብቆለታል። ብቻ “ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ከቢሮው፣ ከነሚስቱ ፊርማ፣ እስከ ሰኞ” ብሏል። ከሰኞ በኋላ ቦታው የሌላ ሰው ነው። ከኋላ ባለው መንገድ የሚኖር የሌላ ወታደር ሚስት ግን ለሌላ ጎብኚ እውነቱን ተናግራ፣ ‘በሽተኛ’ የሚል ስም ባሏ ላይ ተለጠፈበትና እስካሁን የሚቀጥረው አጥቷል። ይህን ከሰማች ወዲህ ሹራብ ሠሪዋ ፋይል የያዘ ሰው ስታይ ልቧ ድንግጥ ይላል።

ባለ ፋይሏ እጇን እያደራረቀች ወጥታ ተቀመጠችና ወረቀቱን ዘረጋችው። “ይበላል፣ ይተኛል፣ ከሰው ይግባባል ይላል። እውነት ከሆነ እዚህ ጋ ትፈርሚያለሽ። ለመሆኑ እንቅልፉ እንዴት ነው?”

“እንደ ድንጋይ!” አለች ሹራብ ሠሪዋ ዓይኗን በጨው አጥባ። “ካልቀሰቀስኩት መች ይነሣል።”

“አሁንስ የት ነው?”

“ተኝቷል።”

በዚህ ጊዜ ከመኝታ ቤቱ የአልጋው ሽቦ ሲጥ አለ። ሁለቱም ሰሙት። በር በሌለው ቤት ለብቻ የሚባል ወሬ የለም፤ እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ቃል ሳያመልጠው ሲሰማ ቆይቷል።

“መጋዙ ላይ በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚቆመው?” አለች ባለ ፋይሏ፣ አልጋውን እንዳልሰማች ሆና።

“ስምንት ሰዓት።”

“ስንት ሰዓት ተኝቶ?”

ሹራብ ሠሪዋ ቢላዋው ትዝ አላት። ባለፈው ሳምንት ባሏ ድንች እየላጠላት ሳለ፣ በተቀመጠበት እንቅልፍ ነጥቆት ነበር። የቢላዋው ስለት አውራ ጣቱ ላይ አርፎ ነበር። እንዳይደነግጥ ትንፋሿን ውጣ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየፈታች ቢላዋውን ወሰደችለት። ያኛው ድንችና ቢላዋ ነው። መጋዙ ግን እንጨትና ጣት አይለይም።

ብዕሩን አነሣች፤ ግን አልፈረመችም። “ባልፈርምስ?”

ባለ ፋይሏ ወረቀቱን ገለበጠችው። “ሁለተኛ ገጽ አለ። ድጋፍ ያስፈልገዋል የሚል። በየሳምንቱ ሐኪም፣ አንቺም አብረሽ የምትገቢበት ምክር፣ እስኪሻለው ቀለል ያለ ሥራ እንዲሰጠው ለአሠሪው ደብዳቤ።”

“ስንት ሰው ሞላው?”

“አንድም። አርባ ቤት ገባሁ፤ አርባውም ወታደር እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው።”

ይሄኔ ሹራብ ሠሪዋ ጭራሽ ጠረጠረች። መልካም ነገር ቢሆን ኖሮ ከአርባ ሰው አንዱ አይቀድማትም ነበር? “የኋላ መንገዱ ሰውዬስ? የሱ ሚስት እውነቱን ተናግራ ምን አተረፈች?”

“ሰምቻለሁ። ያኔ ይሄ ገጽ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።”

“እሺ፣ እኔ ብሞላው ፎርማኑ ቦታውን እንደማይነሣው ይምሉልኛል?”

“አልምልልሽም፣ ልጄ” አለች ባለ ፋይሏ። “ደብዳቤውን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ፣ እከራከርለታለሁ። እሺ ይላል አይልም አላውቅም። ቦታውን ሊያጣ ይችላል።”

ሹራብ ሠሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ባሏ ከዘመተ ጀምሮ ያልማለላት ሰው አልነበረም። ቶሎ ይመለሳል ብለው ማሉላት፤ ሲመለስም እንደ ድሮው ነው ብለው ማሉላት። አልምልም ያለቻት ይህቺ የመጀመሪያዋ ናት። ጥርጣሬዋ ጨርሶ ባይለቃትም፣ ሴትዮዋን አመነቻት።

“አንድ ሰዓት ቢተኛ ነው” አለች። “በሮቹም አላበጡም።”

“አንድ ሰዓት ከሩብ” አለ ከመኝታ ቤቱ የመጣ ድምፅ።

ባሏ ወጥቶ መቃኑን ተደግፎ ቆመ፤ ጺሙን አልተላጨም፣ እግሩም ባዶ ነው። ሸጥሽኝ ይለኛል ብላ ተሸማቀቀች። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ነበር የሚያየው።

“ቦታው ሊሄድብህ ይችላል” አለችው። “ሰምተሃል።”

“ሰምቻለሁ።” እጁን አንገቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። “እኔም ሰኞን ፈርቼው ነበር። ፈራሁ ማለቱ አሳፈረኝ እንጂ።”

ባለ ፋይሏ ሁለተኛውን ገጽ አስተካክላ ብዕሯን አነሣች። “እንቅልፍ እምቢ ያለህ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

እሱ ባዶ እግሩን ቁልቁል አየ። ለሹራብ ሠሪዋ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ‘ከመጣ ጀምሮ ነው፣ ከመንገዱ ድካም ነው፣ እየተሻለው ነው’። አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ገጠመችው፤ ከጎኗ ያለውን በርጩማ ወደ እሱ ገፋ አድርጋ፣ ራሱ እስኪናገር ጠበቀችው።